የምናሴ ቀለም

ባዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች የእስራኤልንና የይሁዳን ነገሥታት ታሪክ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሲያመው እያመመው መጥቷል። በረዶ ትራሙን ባቆመበት ቀን እንኳ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ካለው ቤቱ እስከ ጉባኤው አዳራሽ በእግሩ ሄዶ፣ ሁለት ልጆች ብቻ አግኝቶ፣ ለሁለቱ ስለ ኢዮሣፍጥ አስተምሮ ተመልሷል። በሌሎቹ ቀናት ራይስዋይክ ያለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያጸዳል። ሦስተኛ ፎቅ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መጸዳጃ ቤቶቹን፣ ደረጃውን። እዚያ ስሙን የሚጠራው የለም። ቅዳሜ ግን «ጋሽ ባዩ» ነው።

ክብሩ ሁሉ በአንድ ጥቅል ወረቀት ላይ ነበር። ቤቱን ሲያድስ ከተረፈው የግድግዳ ወረቀት ሰባት ሜትር ቆርጦ፣ በጀርባው ላይ ከሳኦል እስከ ሴዴቅያስ ያሉትን አርባ ሁለት ገዢዎች በእጁ ጽፏቸዋል። ንግሥት ጎቶልያንም አልረሳትም። በየስሙ አጠገብ ክብ ተለጣፊ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ሊጥል ካወጣው ካርቶን ያገኘው ነው። በእግዚአብሔር ፊት መልካም ላደረገ አረንጓዴ፣ ክፉ ላደረገ ቀይ። ሰሎሞን ግን ስላስቸገረው ሁለቱንም በመቀስ ለሁለት ቆርጦ ግማሽ በግማሽ ለጥፎለታል። የሮተርዳምና የአምስተርዳም ጉባኤዎች ሳይቀሩ «የሙርዋይኩ ሰንጠረዥ» እያሉ ያወሩለት ነበር። ባዩ ይህን ሲሰማ መሬት መሬቱን እያየ «የእግዚአብሔር ጸጋ ነው» ይላል፤ ማታ ግን ጥቅሉን ፈትቶ የለቀቁትን ተለጣፊዎች በአውራ ጣቱ ይጫናል።

ኤልናታን የመጣው በመስከረም ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው፤ ሮተርዳም ይኖራል፣ ነርስነት ይማራል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ወደ ሆላንድ የመጣ ስለሆነ ደችኛው እንደ አማርኛው ነው። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ወርቅአፈራሁ «ባዩን ያግዝልን» ብለው አመጡት፤ ባዩም በደስታ ተቀበለው። ለመጀመሪያ ቀን ምናሴን ሰጠው። ምናሴ ቀይ ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ነግሦ ጣዖት ያቆመ፣ ንጹሕ ደም ያፈሰሰ ንጉሥ። ጀማሪ የሚያበላሸው ነገር የለውም።

ኤልናታን ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ወለሉ ላይ ከልጆቹ መሐል ቁጭ አለና አንዱን ቃል በአማርኛ፣ አንዱን በደች እያደረገ ጀመረ። ስልካቸውን በጠረጴዛ ሥር የሚነካኩት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ምናሴ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ሲወሰድ የሰንሰለቱን ድምፅ በቁልፉ አሰማቸው። ከዚያ ጠየቃቸው።

«ያን ሁሉ ክፋት የሠራ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ቢጮኽ፣ እግዚአብሔር ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም?»

ልጆቹ ተከራከሩ፤ እጅ አወጡ። ኤልናታን ከመጽሐፈ ዜና መዋዕል አነበበላቸው። ምናሴ ጮኸ፤ ተሰማ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ይህ በመጽሐፈ ነገሥት ላይ የለም፤ የባዩ ሰንጠረዥ ደግሞ የተሠራው ከመጽሐፈ ነገሥት ነው። ልጆቹ «እንግዲያው ይቀየር!» ብለው ጮኹ። ኤልናታን ወደ ባዩ ዞሮ «ጋሽ ባዩ፣ ይፈቅዳሉ?» አለ።

ሃያ ልጆች እያዩት ምን ይላል? «ደስ ካላቸው» አለ።

ኤልናታን ቀዩን በጥፍሩ ልጦ አረንጓዴ ለጠፈ። ባዩ ፈገግ አለ። አንጀቱ ግን የዚያን ጊዜ ነው ማረር የጀመረው። አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልነካውን ወረቀት ይህ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ላጠው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በየሳምንቱ ባሰ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው «ዛሬ ማነው? ኤልናታን ነው?» ይላሉ። ባዩ ከሆነ «ኦ» ይላሉ፤ ያቺ «ኦ» ሆዱ ውስጥ እንደ ጠጠር ትቀመጣለች። የራሱ ልጅ ቢታንያ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቀን ጣቷን ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«አባዬ! የንጉሥ ዮአኪን አያት ስሙ ኤልናታን ነው! መጽሐፉ ውስጥ አለ!»

ስሙም ሳይቀር መጽሐፉ ውስጥ አለ። ባዩ የሚባል ንጉሥም የንጉሥ አያትም የለም።

በገና ሰሞን የጉባኤው ሴቶች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ የጸሎት ክፍል መሪዋ እትዬ ጸሐይወርቅ ሁለቱን መምህራን አብረው ሲወጡ አየች። እትዬ ጸሐይወርቅ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ምላሷ ግን የሃያ ዓመት ነው።

«ባዩ ሺህ ገደለ፣ ኤልናታን ግን እልፍ!» አለች እያጨበጨበች።

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ተቀበሏት። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ባዩ ነበር። ማታ ለሚስቱ ለአበባይሽ ነገራት። አበባይሽ ከአረጋውያን መኖሪያ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ ውላ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«ቀልድ ነው እኮ» አለችው።

«ቀልድ መሆኑን መች አጣሁት።»

«ታዲያ ለምንድነው ሦስተኛ ጊዜ የምትነግረኝ?»



እንዲያም ሆኖ ባዩ እንግዳ የመሸኘት ልማዱን አልተወም። ቅዳሜ ማታ ትምህርቱ ሲያበቃ ኤልናታንን እስከ ሙርዋይክ ባቡር ጣቢያ ያደርሰዋል፤ የሮተርዳሙ ባቡር እስኪመጣ አብሮት ይቆማል። ቅናቱም አብሮ ይቆማል። በየካቲት አንድ ቀን ዝናቡ ከጎን እየመታቸው መጠለያው ሥር ተጠግተው ሳለ ኤልናታን ድንገት ተናገረ።

«ጋሽ ባዩ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገረኝ፣ ልጄ።»

«እኔ ብቻዬን መጸለይ አልችልም። እናቴ ከሞተች ወዲህ። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው።» ሐዲዱን እያየ ነበር የሚናገረው። «ታማለች ሲሉኝ ትኬት ቆረጥኩ። አውሮፕላን ውስጥ ዓይኔን አልከደንኩም፤ ሌሊቱን ሁሉ ስጸልይ ነው ያደርኩት። ስደርስ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እኔ ስጸልይ እኮ እሷ መሬት ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስንበረከክ ምንም ቃል አይመጣልኝም።»

ባዩ ወደ እሱ ዞረ። «ታዲያ እንዴት ታስተምራለህ?»

«ልጆቹ ፊት ስቆም ይመጣል። ያኔ ብቻ። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የምመጣው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«ከእኔ አይወጣም» አለ ባዩ፤ ትከሻውንም ያዝ አደረገው። ያን ሰዓት ከልቡ ነበር። ባቡሩ ሄዶ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ ሐሳብ ጎኑን እየጎሰመ አብሮት ሄደ። እልፍ የገደለው ይሄ ነው? እኔ በየሌሊቱ የምንበረከከው ሰው «ኦ» ስባል፣ ይሄ አንዲት ቃል የማይጸልየው ይጨበጨብለታል?

ሐሳቡን ወደ ታች ገፋው። ለሦስት ወር ያህል እዚያው ታች ተቀመጠ።

ለጰራቅሊጦስ የሄግ፣ የሮተርዳምና የአምስተርዳም ጉባኤዎች በዓመት አንዴ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። የዘንድሮው አምስተርዳም፣ ኖርድ በሚባለው ሰፈር ነው ተባለ፤ ለልጆቹም የነገሥታት ትምህርት እንዲሰጥ፣ የሙርዋይኩ ሰንጠረዥ ተይዞ እንዲመጣ ተወሰነ። ባዩ ይህን ሲሰማ ለሚስቱ ሳይናገር አዲስ ሸሚዝ ገዛ። በሳምንቱ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከአገልግሎት በኋላ ጠሩት።

«ወንድም ባዩ፣ መቼም አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ነገር አታከብድም። ትምህርቱን ኤልናታን ይስጠው ብለናል። ሠላሳ አርባ ልጅ ነው የሚመጣው፤ ከደች በቀር የሚገባቸው የለም። ምን እናድርግ?»

«እንዳሉት ይሁን» አለ ባዩ።

«አንተ ደግሞ ሰንጠረዡን ትይዝለታለህ። ያንተው አይደል?»

«የእኔው ነው።»

«ተባረክ።»

ያን ሌሊት ባዩ ዓይኑ አልተከደነም።

ጉባኤዎቹ በስልክ የሚጸልዩበት መስመር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ከእሑድ በቀር ዘወትር፣ ከሦስቱ ከተሞች አርባ የሚሆን ሰው በስልክ ይገባል፤ ሥራ የሚሄደው ትራም ላይ ሆኖ፣ የሌሊት ፈረቃ የጨረሰው አልጋው ላይ ሆኖ። እትዬ ጸሐይወርቅ ትመራለች። በመጨረሻ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ስለ መኖሪያ ወረቀቱ፣ አንዷ ስለ ጉልበቷ፣ ሌላው አገር ቤት ስለታሰረ ወንድሙ ያሳስባል። በዚህ መስመር ላይ ማንም ያልደነገገው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ሰው ፊት ቢናገሩት ሐሜት የሚሆን ነገር፣ «እንጸልይለት» ብለው ከጀመሩት ሐሜት አይባልም።

ባዩ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁ ተከፍቶ።

«የጸሎት ርዕስ ያለው?» አለች እትዬ ጸሐይወርቅ።

ጣቱ ሳይታዘዝ ወደ ስልኩ የሄደ መሰለው።

«ባዩ ነኝ፣ ከሙርዋይክ። ወንድማችንን ኤልናታንን በጸሎት አስቡት። ጠላት በጸሎት ሕይወቱ ላይ ተነሥቶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ተንበርክኮ አንዲት ቃል መጸለይ አልቻለም። በልጆቻችን ፊት የሚቆም ሰው ስለሆነ... ሸክም ሆኖብኝ ነው። እንጸልይለት።»

 ከዚያ አንድ ሰው «ኢየሱስ ሆይ!» አለ። ሌላዋ «ሁለት ዓመት?» ብላ በድንጋጤ ጠየቀች። እትዬ ጸሐይወርቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸለየች፤ አርባው ሰው አብሮ ጮኸ። ባዩም ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን፣ አሜን» እያለ ነበር፤ እንባውም መጣ። ዓይኑን ሲገልጥ ቢታንያ በፒጃማዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ይሄ ጸሎት ነው?»

«ምን ልትዪ ፈለግሽ?»

«ሮደለን ነው እኮ ይሄ። ሐሜት። ለአርባ ሰው ነገርክበት።»

«ተጸለየለት! ምን ታውቂያለሽና ነው አንቺ?»

«እሱ ጸልዩልኝ ብሎሃል?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ክፍሏ ገባች።

ቀኑ ሳይመሽ ስልኮች ተደዋወሉ። «ሰማሽ?» «ልጆቻችንን ማን ጋ ነው የምንልከው?» «እኔማ ስብከቱ ደስ ቢለኝም መንፈሱ ይከብደኝ ነበር።» በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ኤልናታንን ጠርተው፣ ለጊዜው ከማስተማር ዐርፎ ራሱን እንዲያይ በፍቅር መከሩት። ለባዩ ደግሞ ደወሉለት። «እንግዲህ ያው አንተ ነህ» አሉት። «ደስ ይበልህ» አላሉትም፤ እሱ ግን ደስ አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሥራ ቦታው ደረጃውን ሲወለውል እያፏጨ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ጥቅሉን ፈታ። ምናሴ ላይ ያለውን አረንጓዴ ልጦ ቀይ ለጠፈበት። አረንጓዴው ሲላጥ ወረቀቱን ጫር አደረገው፤ አንድ ቀጭን ነጭ ጠባሳ ቀረ። ሊጠቀልለው ሲል ስልኩ ጮኸ። የኤልናታን መልእክት ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ጋሽ ባዩ፣ እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነበር።»

ባዩ ብዙ ጊዜ ጻፈና አጠፋ። «ለጥቅምህ ብዬ ነው» ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። «ጸሎት እኮ ነው» ብሎ ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ ስልኩን ገልብጦ ተኛ።

የጰራቅሊጦስ ዕለት የሄጉ ጉባኤ በባቡር አምስተርዳም ደረሰና ከጣቢያው ኋላ ወደ ኖርድ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ተሳፈረ። ባዩ አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ፣ ከምናሴ ላይ ልጦ መጣል ያቃተውን አረንጓዴ ክብ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ጥቅሉን እንደ ጠብመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀው ይታገላል። አበባይሽ «ተቀመጥ እንጂ፣ ትወድቃለህ» ብትለው አልሰማም። ቢታንያ ከእሱ ርቃ ጥግ ይዛለች። ትምህርቱን ወደ ደች የምትተረጉመው እሷ ነበረች፤ ከአንድ ሳምንት በፊት ነግሯት «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለችም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። በፊተኛው ወንበር ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ አጠገባቸው እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ዙሪያውን ወላጆች። መሐሉ ላይ አርባ የሚጠጉ ልጆች ወለሉ ላይ። ባዩ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፎ ዘወር ሲል ኤልናታንን አየው። ኋላ ነው፤ የሮተርዳም ትንንሾቹን አመጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው ስለነበር ይዟቸው መጥቷል። አንዷ ጉልበቱ ላይ ተኝታለች። ቀና ብሎ ባዩን አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ቢታንያ፣ ነይ» አለ ባዩ።

«አልተረጉምም።»

«ምን?»

«አልተረጉምም አልኩህ፣ አባዬ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ማን ይተርጉም?»

እትዬ ጸሐይወርቅ ናት የመለሰችው። «ኤልናታን አለ አይደል እንዴ!»

«እሱማ ዐርፏል እኮ።»

«ከማስተማር ነዋ ያረፈው! መተርጎም ማስተማር ነው እንዴ? የሚያስተምረው ባዩ፣ የሚናገረው እሱ።»

ሰው ሳቀ። ኤልናታን አልሳቀም። ጉልበቱ ላይ ያለችውን ልጅ ቀስ ብሎ አጠገቡ ላለችው ሰጠና ወደ ፊት መጣ። ከባዩ ጎን ቆመ፤ በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ።

ባዩ ጀመረ። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የተናገረውን ነው የሚናገረው። የኤልናታን ደች ግን ከኋላው እየተከተለ ሕይወት ዘራበት። ባዩ «ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ ይበልጥ ነበር» ሲል ልጆቹ ዝም፤ ኤልናታን ያንኑ ሲል ልጆቹ ሳቁ፤ ቀና ብለው ሳኦልን ቆሞ ያዩት ይመስል ወደ ጣሪያው አዩ። አንድም ነገር አልጨመረም። ያው የባዩ ቃል ነው። ባዩ በሰው አፍ ውስጥ ባማረው በገዛ ቃሉ ቀና። እንዲህ ያለ ቅናት መኖሩንም እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ከሮተርዳም የመጣች ኤዶም የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። ኤልናታን ጥያቄዋን ወደ አማርኛ መለሰው።

«ዳዊት የሰው ሚስት ወስዷል፣ ባሏንም አስገድሏል፤ አንተ ግን አረንጓዴ ሰጥተኸዋል። ሳኦል ምን አጥፍቶ ነው ቀይ የሆነው? ትላለች።»

ይህን ጥያቄ ባዩ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ መልሱን በእንቅልፉም ያውቀዋል።

«ዳዊት ሲነግሩት ጥፋቱን አመነ» አለ። «ሳኦል ሲነግሩት ሰበብ ደረደረ። ከአማሌቅ ምንም አታስቀር ተብሎ ታዝዞ ነበር፤ የሰቡትን በጎች ግን አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል መጣና፣ ይሄ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድነው? አለው። ሳኦልም...»

ኤልናታን እየተከተለው ነበር፤ በቀስታ፣ ባዩን ሳያይ።

«ሳኦልም፣ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ላደርጋቸው ነው አለ።»

ኤልናታን ተረጎመ። ከዚያ ቀጣዩን ቃል ጠበቀ። ባዩ ቀጣዩን ቃል ያውቀዋል። ግን አልመጣለትም። ወጥ ቤቱን ነው ያየው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ። የአርባ ሰው ድምፅ በአንዴ ሲጮኽ ሰማ። «ሸክም ሆኖብኝ ነው» ያለውን የራሱን ድምፅ ሰማ።

«ጋሽ ባዩ?» አለ ኤልናታን በሹክሹክታ። «ይቀጥሉ።»

«እኔም» አለ ባዩ።  «እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ኤልናታን ለእኔ ብቻ የነገረኝን ምስጢር በጸሎት ስም አወጣሁበት። ሸክም ሆኖብኝ አልነበረም። ቀንቼ ነው። ይህን ቦታ ፈልጌ ነው።»

የደቹ ድምፅ አልተከተለም። አማርኛ የሚገባቸው ወላጆች ደነገጡ፤ የማይገባቸው ልጆች ትርጉሙን ጠበቁ። ባዩ ዞር አለ። ኤልናታን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተርጉምላቸው እንጂ።»

«ይህን እኔ አልልም» አለ ኤልናታን። «እርስዎ ይበሉት።»

«ደችኛዬን ታውቀዋለህ...»

«አውቀዋለሁ። ይበሉት።»

የባዩ ደች የባልዲ ደች ነበር። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ይቅርታ፣ ልለፍ፤ መልካም ቀን። ሃያ ዓመት በዚያ ኖሯል። አሁን በዚያው ለአርባ ልጆች ተናገረ። «እኔ» አለ፤ ደረቱን ነካ። «ኤልናታን ጥሩ። እኔ ጥሩ አይደለም። እኔ መጥፎ ነገር አወራ፣ ስለ ኤልናታን። እኔ...» ቆመ። ቃሉን አያውቀውም። ለሃያ ዓመት ቢሮ ሲያጸዳ ይህን ቃል የሚያስፈልግ ሥራ አልገጠመውም። አንድ የአምስተርዳም ልጅ ሳቅ ሲል ኤዶም በክርኗ ጎሸመችው።

ባዩ ኋላ ወዳለው ወንበር አየ። «ቢታንያ፣ ቅናት በደች ምንድነው?»

ቢታንያ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። እጇን አወረደች። ከዚያ ለእሱ ብቻ የምትናገር ያህል፣ ሁሉም ግን እየሰማ፣ «ያሉርስ» አለች።

«ያሉርስ» አለ ባዩ ለልጆቹ። «እኔ ያሉርስ።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ብድግ ብለው «እንግዲህ እንጸልይ!» አሉ ቶሎ ብለው፤ ነገር መሸፈን የሚያውቁ ሰው ናቸው። እትዬ ጸሐይወርቅ ግን እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«ይበቃናል አሁን፣ በጸሎት የሸፈንነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። «መስመሩ የእኔ ነው፤ እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ልጁ ያስተምር።»

ኤልናታን የሚሄድ መስሎ ነበር፤ አንድ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ልጆቹን አየ። የሮተርዳም ትንንሾቹ ስሙን መጥራት ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ፕላስተሩ ለቀቀና ሰባት ሜትር ንጉሥ ከግድግዳው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ባዩ ሮጦ ያዘው፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆመ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ መጀመሪያ የሰጡት ሥራ ይኸው ነበር።

ኤልናታን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጀመረ። ለባዩ አንድም ቃል አልተናገረውም። ከሮብዓም ወደ አሳ፣ ከአሳ ወደ ኢዮሣፍጥ ሄደ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ ጮኹ፣ ተከራከሩ። ባዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ክንዱ እየዛለ፣ በጀርባው ይሰማቸው ነበር። ምናሴ ላይ ሲደርሱ የሙርዋይክ ልጆች ጮኹ።

«ምናሴ አረንጓዴ ነበር! ማነው የቀየረው?»

ኤልናታን ተነሥቶ መጣ። ቀዩን ክብ፣ በጎኑ ያለውን ነጭ ጠባሳ አየ። ባዩ ትንፋሹ አጠገቡ ተሰማው።

«እኔ ነኝ» አለ ባዩ ወደ ግድግዳው። «አረንጓዴው ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አለ። እጄን ብለቅ ይወድቃል። አውጣው።»

ኤልናታን እጁን ዘረጋ። ኪሱ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ መለሰው።

«ኤዶም» ብሎ ጠራ። «ነይ፣ ከጋሽ ባዩ ኪስ አረንጓዴውን አውጪልን።»

ልጅቷ ሮጣ መጣች፤ በእግር ጣቷ ቆማ ተለጣፊውን አወጣች፤ ምናሴ ላይ ግን ስላልደረሰች ኤልናታን አንሥቶ ያዛት። ለጠፈች። ሙሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ልጆቹ «ኤልናታን! ኤልናታን!» እያሉ ጮኹ።

ያቺ ጠጠር እዚያው የባዩ ሆድ ውስጥ ነበረች።  ጠፍታለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አልጠፋችም።

«ጋሽ ባዩ» አለ ኤልናታን ከኋላው፤ ድምፁ ሞቃትም ቀዝቃዛም አልነበረም። «ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ኢዮስያስ አይታይም።»

ባዩ በእግር ጣቱ ቆሞ ከፍ አደረገው።